የባሌን ዙር ሳጠና

ጥቅምት 6
ከክሊኒኩ በጊዜ ወጣሁ። ልብስ አጠብኩ። ባሌ እስኪመጣ የመኪና ውድድር ጨዋታው ላይ ተቀመጥኩ... ወንበር፣ መሪ፣ ፔዳል፣ ስክሪን። የሳሎኑን ግማሽ የበላ ጉድ። ዛሬም ከሱ የዙር ሰዓት አጠገብ አልደረስኩም። ለካ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።
«አንቺ እኮ የምትወዳደሪ ሳይሆን ቤት የምትቀይሪ ነው የምትመስዪው። ዕቃ እንዳይሰበርብሽ።»
ሳቅን።
«እንግዲያ አስተምረኛ» አልኩት።
«ይሄ በትምህርት አይመጣም። ተሰጥኦ ነው።»
ተሰጥኦ?

ጥቅምት 14
የሱን ምርጥ ዙር ከፈትኩ። ጨዋታው ሁሉን ይቀዳል፤ ፍሬን የት እንደረገጠ፣ ነዳጅ መቼ እንደሰጠ። የኔን ከሥሩ አድርጌ አስተያየሁት። እኔ ኩርባው አፍ ድረስ በርሬ እደርስና በድንጋጤ ፍሬን እረግጣለሁ። እሱ ቀደም ብሎ ጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቅ። ኩርባው ውስጥ አይቸኩልም። ጥሎኝ የሚሄደው ሲወጣ ነው። «ተሰጥኦ» ያለው ነገር የእግር አጠቃቀም ነው ለካ።

ጥቅምት 29
አንዲቱን ኩርባ ብቻ ስደጋግም ዋልኩ። አንገቴ ደረቀ። ግን ገባኝ።
እራት ላይ ነገርኩት፣ ደስ ይለዋል ብዬ። «ፍሬኑን ቀስ ብለህ ነው የምትለቀው አይደል?»
ማንኪያውን አስቀመጠ። «እየሰለልሽኝ ነው?»
ምን ይባላል እንግዲህ...

ኅዳር 11
የሱም ድክመት ታየኝ። ከድልድዩ በኋላ ባለው ረጅም ኩርባ ነዳጅ ለመስጠት ይፈራል። ከሱ የሚፈጥን አንድ አለ፣ ጨዋታው ላይ «ጭልፊት» የሚሉት። የጭልፊትን ቅጂ አየሁ። አይፈራም። ሞከርኩ፤ ግድግዳ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ግድግዳ። በመጨረሻ ኩርባውን አለፍኩት።
ለባሌ ልንገረው? ይቅርብኝ። ሰላይ ከምባል።

ኅዳር 23
ባሌ የሚወዳደርበት የጨዋታ ክለብ ማጣሪያ። ቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ ነው። እኔንም ያስመዘገበኝ እሱ ነው፣ ለቀልድ። «እንዳታለቅሺ ብቻ» አለኝ ስንገባ።
በለጥኩት። በዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ግን በለጥኩት። አሰልጣኟ እጄን ጨበጠችኝ። ጓደኞቹ «ሚስትህ ጉድ ሠራችህ» እያሉ ቀለዱበት። አብሯቸው ሳቀ... መኪናችን ውስጥ እስክንገባ።
«የኔን ሰርቀሽ ነው» አለ፣ መንገዱን እያየ።
«መማር መስረቅ ነው እንዴ?»
የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ኅዳር 25
ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ወና። ወንበሩም መሪውም የለም። ምንጣፉ ላይ የወንበሩ እግር ጉድጓድ ብቻ። ባሌ ወንድሙ ቤት ወስዶታል።
«ቤቱ ጠበበ ስትዪ አልነበር?» አለኝ።
ብዬ ነበር። አምና። ከዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር በኋላ ዛሬ ነው እሱን የማውቀው?

ታኅሣሥ 19
አሁን የምለማመደው ክለቡ ውስጥ ነው። ዙሮቼን ለሁሉም ክፍት አድርጌያለሁ። ጀማሪዎቹ ያያሉ፣ ይጠይቁኛል፣ አስረዳለሁ።
«ባልሽ ተወው እንዴ?» አለች አሰልጣኟ።
«ሥራ በዝቶበት ነው።»
አሁንም ገመና ሸፋኝ እኔው።
ቤት እራት አብረን እንበላለን። ስለ ውድድር ግን አይነሳም። ትናንት ለቡድኑ ተወዳድሬ ሁለተኛ ወጣሁ። ለማን ልንገር? ዛሬ ማዕድ ላይ እንደምንም ልነግረው አፌን ከፈት ሳደርግ...
«ጨው አቀብይኝ» አለ።
አቀበልኩት።