ከማሳቸው ያልወጡት የኢናንግ ላምሪያ ፓርዴዴ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ኢናንግ ላምሪያ ፓርዴዴ ከአባታቸው ከአማንግ ሳሁአት ፓርዴዴና ከእናታቸው ከኢናንግ ሬንታ ሲያሃን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 1948 በቶባ ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ተወለዱ። ቀኑን የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ቀንም ወሰንም አይስቱም። ትምህርታቸውን እስከ አምስተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለወንድማቸው ይሁን ተብሎ ሽመና ገቡ።

በ1967 ከአባታችን ከአማንግ ማንጋሲ ታምፑቦሎን ጋር ተጋብተው ወደዚህ መንደር ወደ ሉምባን ጋምቢሪ መጡ። በሠርጉ ማግስት የአባታችን አባት ከሐይቁ አጠገብ ያለውን የሩዝ ማሳ ለሙሽሮቹ ሰጡ። የሰጡት በቃል ነው፤ ያኔ ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም። እናታችን ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፦ እኔን ሩስሚናን፣ ደልፊናንና ቲዮማርን። ወንድ ልጅ አልመጣም። በዚህ ምክንያት በየሠርጉና በየልቅሶው የተነገራቸውን ሁሉ ብጽፈው ይህ ወረቀት አይበቃም፤ ተናጋሪዎቹም እዚሁ ስላላችሁ ታስታውሱታላችሁ።

በ1989 አባታችን ሲያርፉ በማሳው ራስጌ ተቀበሩ። በእኛ አገር በተዋሱት መሬት ላይ ሰው አይቀበርም። ስለዚህ ያ መቃብር የእናታችን የይዞታ ማስረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዐሥራ አራት ዓመት ብቻቸውን አርሰው፣ ብቻቸውን አጭደው፣ ሦስታችንንም አስተምረው ዳሩን።

በነሐሴ 2003 የአባታችን ታላቅ ወንድም አማንግቱዋ ቢናሃር፣ እዚህ ከፊት ወንበር የተቀመጡት፣ ለጎሳው ትልቅ የሲሚንቶ መቃብር አሠሩ። እናታችን ዘንድ መጥተው፣ «ላምሪያ፣ ወንድሜ እስከ መቼ ጭቃ ውስጥ ይተኛል? ላውጣውና ከአባቶቹ ጋር ይረፍ እንጂ» አሏቸው። እናታችን በደስታ አለቀሱ። ይህን ክብር እንቢ የሚል የቶባ ሰው የለም። የአባታችንን አጥንት በእርድና በሎሚ ውሃ ያጠብነው እኛ ሴቶቹ ነን፤ የራስ ቅላቸውን ግን እናታችን ለማንም አልሰጡም። ጥርሳቸውን አንድ በአንድ በጣታቸው እያሹ፣ «ይቺ እኮ ያመመችህ ሠርጋችን ዕለት ነው» ይሏቸው ነበር። ጎሽ ታረደ፤ ከበሮ ሦስት ቀን ተመታ። በባዶው ጉድጓድም እንደ ደንቡ ሙዝ ተተከለበት። ያን ሰሞን እናታችን፣ «አማንግቱዋችሁን በክፉ እንዳታነሱብኝ» ይሉን ነበር። ከዚህ ሌላ ሞኝነት አላየንባቸውም።

በሦስተኛው ወር አማንግቱዋ ከሰሷቸው። መሬቱ የእኔ ነው፣ ለወንድሜ እንዲያርሰው አውሼው ነበር፣ ወንድ ልጅ የሌላት ሚስቱ ትመልስልኝ ነው የሚለው ክሱ። ፍርድ ቤቱ ቦታው በአካል ይታይ ብሎ አዘዘና በሚያዝያ 2004 ሦስት ዳኞች፣ ጃንጥላ የያዘ ጸሐፊና የመንደሩ ሹም ማሳው ድረስ መጡ። በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ወሰኑን በእግራቸው ሄደው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። እናታችን ቀሚሳቸውን ሰብስበው አራቱንም ማዕዘን አንድም ሳይስቱ ዞሩ። አማንግቱዋ ሦስተኛው ማዕዘን ጠፋባቸውና ጸሐፊው በእጁ አሳያቸው።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ዳኛ፣ «ኢናንግ፣ መሬቱ ለባልዎ የተሰጠ ለመሆኑ እዚህ የሚታይ ምን አለ?» አሏቸው።

«የባሌ መቃብር አለ» አሉ እናታችን፤ ወደ ሙዙም አመለከቱ።

አማንግቱዋ ሳቁ። «ወንድሜ ሙዝ ሆኖ በቀለ እንዴ? በይ ላምሪያ፣ አንድ ዘለላ ቁረጪና ክቡር ዳኛውን ባልሽን አቅምሻቸው» አሉ። መንደሩም አብሮ ሳቀ።

ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እዚህ መቃብር ነበር?» ብለው ጠየቁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ዐሥራ አንዳችሁ በቦታው ነበራችሁ። የአጥንቱን ቅርጫት የያዛችሁ አላችሁ፤ የጎሹን ጭን ተካፍላችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። አንዱ ጆሮው ከበደው፣ አንዱ ያን ሰሞን አገር ውስጥ አልነበረም፣ የቀራችሁት መሬት መሬት አያችሁ። ዳኛው በመጨረሻ እናታችንን፣ «ታዲያ ባልዎ አሁን የት ነው ያሉት?» አሏቸው። እናታችን መዋሸት አያውቁምና፣ «ከአባቶቹ ጋር፣ በጎሳው መቃብር» ብለው መለሱ። ጸሐፊውም፣ በቦታው ሙዝ እንጂ መቃብር የለም ብሎ ጻፈ። በዚያች መስመር ተረቱ።

ፍርዱ ወጣ፤ እናታችን ግን አልወጡም። የፍርድ አስፈጻሚዎች ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ ውሃ በሞላው ማሳ ውስጥ ተቀምጠው፣ «ከነችግኙ ንቀሉኝ» አሏቸው። አልነቀሏቸውም። እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት አረሱ። ባለፈው ዓመት እኛ ሦስቱ ሴቶች ልጆች የአባታችን ወራሾች ነን ብለን በራሳችን ስም ከሰስን፤ ፍርድ ቤቱም ቦታው ዳግም ይታይ ብሎ ለፊታችን ሐሙስ ቀጠረ።

እናታችን ከየካቲት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ስለ መሬት አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ከአባታችሁ ጎን አስተኙኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አሉን፤ ሦስት ጊዜ አሉን።

የጎሳው መቃብር ቁልፍ ያለው አማንግቱዋ ዘንድ ነው። ሦስታችንም ሄድን። ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረቡልን፤ በደንብም አዳመጡን። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ክሱን አንሱና እናታችሁን አስገቡ። እኔ ምን ከፋኝ፣ ልጆቼ?» አሉን። ደልፊና እያለቀሰች፣ «እንፈርም» አለች። ቲዮማር ዓይን ዓይኔን አየች። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤት ተመልሼም ለእናቴ፣ «እሺ ብለዋል፣ እማዬ፤ ከአባባ ጎን ነሽ» አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ። በማግስቱ ዓርብ ጥቅምት 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ያረፉት ይህን አምነው ነው።

ፓስተሩ ይህን ክፍል ብታወጪው ብለውኝ ነበር። አላወጣሁትም።

ትናንት ሙዙን ቆርጠን የአባታችንን ጉድጓድ መልሰን ከፈትነው። ዛሬ እናታችን የሚገቡት እዚያ ነው፤ ብቻቸውን። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳኞቹ ሲመጡ በቦታው መቃብር ይኖራል፤ ጸሐፊውም ይጽፈዋል። አጥንት ያለ ልጅ ፈቃድ አይነሳም፤ እኛም አንፈቅድም። ዐሥራ አንዳችሁም ኑ፤ በዚህኛው እንኳ የምትመሰክሩት የሚታይ ነገር ነው።

እናታችን ሦስት ሴቶች ልጆች፣ ስምንት የልጅ ልጆችና አንድ የባል ወንድም ትተው አልፈዋል። የወረስነው ማሳ ይሁን ወይም ኩነኔ፣ እኔ እህቶቼን ወክዬ ሳይሆን በራሴ ስም ይቅርታቸውን እለምናለሁ። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከአባታችን ጋር ያሳርፍልን፤ ሥጋቸውን የነጠልነው እኛ ነን።