ነፃነትን ሳስጎበኝ

ኅዳር 3 ቀን 1973፣ አሰበ ተፈሪ

የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ከሰዓት ቀበሌ ጠሩኝ። እሑድ ሕዝቡን በእግር እያዞርኩ የባርነት ታሪክ ላስጎበኝ ነው... ሲራራ ነጋዴ ሰው አስሮ ያሳደረበት ዋርካ፣ የነፃነት አዋጅ የተነገረበት ገበያ። «ካንተ ሌላ የታሪክ መምህር ማን አለን?» ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ዋርካው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ!

ኅዳር 5

አይናዲስ፣ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አለችኝ። ሦስት ዓመታችን እኮ ነው። «ደመወዝ ይጨመርልኝና...» ውሸታም! እማዬ «አያቷ ባሪያ ነበሩ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ማለቷን በምን አፌ ልንገራት? እሑድ ስለ እኩልነት የምደሰኩረው ደግሞ እኔው ነኝ። ጉድ እኮ ነው።

ኅዳር 7

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እማዬም ጭምር፤ የሴቶች ማኅበር «የቀረች ስኳር አታገኝም» ብሏታል። አይናዲስ ከክሊኒክ ጓደኞቿ ጋር መጣች። የስፖርት አስተማሪው ሙሜ የምለውን በኦሮምኛ ይተረጉማል። ደህና ዋርካ መርጬ ጥላው ስር አቆምኳቸው። «እዚህ ነው ይባላል...» ስንቴ «ይባላል» እንዳልኩ እግዜር ይቁጠረው።

ገበያው ጋ ጭብጨባው አሰከረኝ። እጄን እያወናጨፍኩ፣ «ዛሬ በመካከላችን ሰውን በዘሩ የሚንቅ አለ?» አልኩ። «የለም!» እንዲሉኝ እኮ ነው።

እማዬ እጇን አወጣች። «እኔ አለሁ። ልጄ የጀምበሩን ልጅ አይናዲስን እንዳያገባ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ምን ያስዋሸኛል?»

ሙሜ፣ የእጁን ይስጠውና፣ ቃል በቃል በኦሮምኛ ደገመው። ያልሰማ እንዳይቀር! የቀበሌው ሊቀመንበር ያጨብጭብ ይሰር ግራ ገባው።

አይናዲስ እናቴን አላየቻትም። እኔን ብቻ አየችኝ። ከዚያ ሄደች።

ኅዳር 9

ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቅኳት። «እናትህስ በአደባባይ ተናገሩ። አንተ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ፣ ደመወዝ...»

ኅዳር 13

ለእማዬ ሳልነግር የአይናዲስ አባት ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌዬ ሙሜ ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ! አቶ ጀምበሩ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ዘርህን ቁጠር» አሉኝ። አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ... ከዚያ ጭልም አለብኝ። የታሪክ መምህር ነኝ ባይ!

«እኛም ዘሩን ለማናውቀው ልጅ አንሰጥም። የሚቆጥርልህ ሰው ይምጣ» አሉ። ስንወጣ ሙሜ፣ «አቦ፣ ደግ አደረጉህ» አለኝ።

ኅዳር 14

ለእማዬ ነገርኳት። ከፈለግሽ ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ ልላት ነበር፤ የት አስጨርሳኝ!

«ዘር የለውም ተባልክ? እኔ እያለሁ?» ነጠላዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከኋላዋ ሮጥኩ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልረግጠውም ያለችው ቤት ዘው አለች። ተቀመጪ ሳትባል እስከ ሰባት ቤት ዘረገፈችው።

አቶ ጀምበሩ እስክትጨርስ ሰሙ። «ጥሩ። ለመሆኑ ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እማዬ ዞራ አየችኝ። «እውነቱን ልናገር? ፈሪ ነው።»

«እሱንማ እኛም እናውቃለን» አሉ፣ ዱካውን ወደ እሷ እየገፉ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። አይናዲስ ከጓዳ ውሃ አመጣችላት። እማዬ ብርጭቆውን ትንሽ አየችው... ከዚያ ጠጣችው።

እኔም ልቀመጥ ስል አይናዲስ፣ «አንተ ቁም!» አለችኝ።

ቆምኩ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ቆሜ አላውቅም።