የአባባ የእሁድ ክርክር

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? የትንሹ ጥርስ ነገር እንዴት ሆነ? እናንተ ጋ በዚህ ወቅት በሸሚዝ ይወጣል አሉ፤ እኛ ጋ በረዶው ከደረጃው አልነሳ ብሎ ጨው ስበትን እውላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው። አባባም ይበላል፣ ይተኛል፣ እንዲያውም ትንሽ ወፍሯል።

ሰላምታዬ ይኸው ነው። ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ አላነሳ ስላልክ ነው። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ሥራ ይዞት ነው እል ነበር። ከአደጋው ወዲህ ግን አንድም ቀን አላነሳህም። መልእክት ስተውልህ የምትመልስልኝ ባለቤትህ ናት፤ "ደህና ነው፣ ትንሽ ከብዶት ነው" ትለኛለች። ከብዶት ነው! እኔን ቀሎኝ መሰለህ? በቃ ይሁን፣ አልቆጣም ብዬ ነበር ወረቀቱን የያዝኩት። የምለምንህ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ከባለቤትህ የሰማኸው ግማሹን ነው።

ያንን የምስጋና ቀን መቼም አትረሳውም። ዴትሮይት እየተጫወተ፣ ተርኪ ዶሮው ገና ከምድጃ ሳይወጣ፣ አንተና አባባ ጀመራችሁት። ዕድሜ ልካችሁን የተጨቃጨቃችሁበትን፦ በፉትቦል ኳስ ታቅፎ ከሮጠ ሰው ሁሉ ማን ይበልጣል? አባባ የክሊቭላንዱን ጂም ብራውን፣ አንተ የዴትሮይቱን ባሪ ሳንደርስ። ቶሊዶ የተወለደ ሰው ዕጣው ይሄው ነው፤ ግማሹ ወደ ክሊቭላንድ፣ ግማሹ ወደ ዴትሮይት ያያል። እኛ ቤት ደግሞ ድንበሩ የሚያልፈው በምግብ ጠረጴዛው መሃል ነው። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ከነዚህ ሁለት ለፍላፊዎች አንዱ እንኳ ድንች ልጦልኝ አያውቅም" ትል ነበር።

ያን ቀን አባባ እንዴት አድርጎ ተናገረው! "ስማ አንተ ልጅ" አለህ፤ "ብራውን ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ፣ በስምንቱ አንደኛ ወጣ። ከአንድ ጨዋታ እንኳ አልቀረም። ከአንድ! አራት ሰው ተንጠልጥሎበት ይወድቃል፣ ቀስ ብሎ፣ አቅም ያለቀበት መስሎ ይነሳል፤ ኳሷን እንደገና ሲሰጡት ደግሞ አራቱንም ይጎትታቸዋል። ሲበቃው ደግሞ ማንም ሳያባርረው በገዛ እግሩ ወጣ። ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ የሚበቃውን የሚያውቅ!" አንተ በሳቅ ልትሞት ደረስክ። ሁለት እጅህን አንስተህ "ተሸነፍኩ፣ ተሸነፍኩ አባባ!" አልክ። እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ አያችሁ ነበር። ስለ መብቃት ሲያወራ ስሰማው ምን እንዳሰብኩ አንተም ታውቀዋለህ።

ታውቀዋለህ፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ለብቻህ ጠርቼ ነግሬህ ነበር። ጫማውን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት አልኩህ። ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ፣ ግዛት ተሻግሮ ሚሺጋን ውስጥ ነዳጅ ጨርሶ፣ መሪውን እንደያዘ ቁጭ ብሎ አገኙት አልኩህ። ቀይ መብራት አያቆመውም አልኩህ። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት "አንቺ የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ በትህትና ጠየቀኝ አልኩህ። ሐኪሟ ከእንግዲህ እንዳይነዳ ብላ ጽፋለች አልኩህ። አንተ ምን አልከኝ? "አንቺ ደግሞ ሁሌ ታካብጃለሽ። ይሄን ሰውዬ ነው ጭንቅላቱ ሄዷል የምትይኝ? የዛሬ ስንት ዓመቱን ጨዋታ በቃሉ የሚወጣ ሰው መንገድ ይጠፋዋል?"

ይሄ ያንተ ብቻ ጥፋት አይደለም፣ ያገሩ ሰው ሁሉ በሽታ ነው። ፀጉር ቤት፣ ፀጉር ቆራጩ ሌማርና ሌሎቹም እንዳንተው ናቸው። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጦ ስለ ብራውን ሲናገር ይሰሙና "ሚስተር አርዴል ከኛ ከሁላችንም ይሻላሉ፤ የተጨነቀችው ልጅቱ ናት" ይላሉ። ኮቱን ገልብጦ ለብሶ መምጣቱን ያየ አንድ የለም። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው፣ እንደ ጸሎት ሳያስቡት ይወጣል ብላኝ ነበር። ይሄንንም ነገርኩህ። "ሐኪም ስለ ፉትቦል ምን ያውቃል!" አልከኝና ሳቅክ።

በምስጋናው ቀን ማግስት ጠዋት ከዱቄት ጣሳው ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ ያወጣኸው አንተ ነህ። እዚያ መደበቄን እንዴት እንዳወቅክ እንጃ፤ የእማማ መደበቂያ ስለነበረ ይሆናል። ዱቄቱን በሱሪህ ጠርገህ አባባ መዳፍ ላይ አስቀመጥክለት። ፊቱ እንዴት እንደበራ! እውነቱን ልንገርህ፣ ለአፍታ እኔም ደስ አለኝ። "አባትሽ ነው እንጂ እስረኛሽ አይደለም" አልከኝ። አንድ ነገር ቢሆንስ ስልህ "ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብለህ፣ ግንባሬን ስመህ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድክ። ከሦስታችን በቀር ያየ ሰው የለም። አባባ ደግሞ አይቆጠርም።

መልሼ ልወስድበት ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። ቀን ከኪሱ አይለየውም፣ ሲተኛ ካልሲው ውስጥ ይከተዋል። ብጠይቀው ያለቅሳል፣ ብቀማው ይማታል። ስደውልልህም "ተይው እባክሽ ሰውዬውን" አልከኝ።

ክሊተስ ባንክስ እንዴት እንደሞተ ግን ማንም በደንብ የነገረህ አይመስለኝም። ክሊተስ፣ የሦስተኛው ሯጭ የዋልተር ፔይተን ሰው። ከሚሲሲፒ የመጣ ስለሆነ፣ ፔይተንም የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ፣ ሌላ ስም ቢጠራለት አይሰማም። ከአባባ ጋር መኪና ፋብሪካው ውስጥ አብረው ሠርተው፣ አብረው ጡረታ ወጥተው፣ ፀጉር ቤት አብረው ተሰዳድበው ነው ያረጁት። ክሊተስ "ያንተ ብራውን ኳስ ሳይሰጡት ሲቀር ምን ያደርጋል? ቆሞ ያያል! ፔይተን ግን ኳሷ የሌላ ሰው ሆና እንኳ ፊት ፊት ሄዶ ለጓደኛው መንገድ ይጠርጋል" ይለዋል። አባባ "መንገድ ጠራጊ ከፈለግህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ!" ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ያን ቅዳሜ እኔ ገበያ ነበርኩ። አባባ እንደ ድሮው ክሊተስን ይዞት ፀጉር ቤት ሊሄድ በመኪናው ወጣ። ክሊተስ በመስኮት ሲያየው በጣም ደስ ብሎት ኮፍያውን እንኳ ሳያደርግ ወጣ፤ ይሄን የነገረችኝ ሚስቱ ኢርማ ናት። የመኪና መግቢያው ላይ ቆሞ፣ እጁን አንስቶ፣ "ቀስ በል አንተ ሽማግሌ፣ በረዶ ነው!" አለው። አባባ ፍሬን የያዘ መስሎት ነዳጁን ረገጠው። መኪናው ክሊተስን ይዞት ሄዶ የጋራዡ በር ላይ ነው የቆመው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ኢርማ መስኮቱ ላይ ነበረች።

ፖሊሶች ሲደርሱ አባባ መሪውን ይዞ ክላክስ እያደረገ ነበር። "ክሊተስ አረፈደብን" አላቸው።

አሁንም ይጠይቀኛል። "ያ የሚሲሲፒ ለፍላፊ የት ገባ? ተሸንፎ ነው የቀረው አይደል?" ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነገርኩት። አንጀት በሚበላ ለቅሶ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ምሳ ሲመጣ ረሳው። በሌላ ቀን ደግሜ ነገርኩት፣ እንደ አዲስ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ "ጉንፋን ይዞት ነው" እለዋለሁ።

መርማሪው ሐኪም የከለከለችው ሰው እጅ ቁልፉ እንዴት ገባ ብሎ ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ጽፎ ሄደ። ስምህ አልተነሳም፤ አንተ ጋ የሚደውል የለም፣ እሱን አታስብ። ልጆች አሉህ። አባባን አልከሰሱትም፤ የሚጠየቅበት አእምሮ የለውም ብለው አረጋውያን ማቆያ እንዲገባ አደረጉ። ስለ ሥራዬ መጠየቅህን ባለቤትህ ነግራኛለች፤ የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳቱን ትቻለሁ። ወላጆች አቤት አሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን ልጄን አልሰጥም። አሁን የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤ ቦታው ሞቃት ነው፣ ለጉልበቴም ሳይሻል አይቀርም።

ለክሊተስ ቀብር የሠራሁትን ማካሮኒ ኢርማ ደጃፍ አስቀምጬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ታጥቦ የኔ ደጃፍ ላይ አገኘሁት፤ መብላታቸውን መድፋታቸውን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን የምቀመጠው የኋላው ወንበር ላይ ነው። አንድ እሁድ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝና "ቆይ አንቺ፣ እንዴት አስቻለሽ? በምን ልብሽ ነው?" አለችኝ። እንባዋን በጓንቷ ጠርጋ ሄደች።

እንግዲህ የምለምንህ ይሄን ነው። እሁድ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ድሮ ደውለህለት በምትከራከሩበት ሰዓት፣ አባባ ሄዶ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። ማን እንደሚደውልለት አያውቅም። ስምህንም አያውቅም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰዓቱን ግን ሰውነቱ ያውቀዋል። ነርሶቹ ለእራት ሲጠሩት "ቆይ፣ እየጠበቅኩ ነው" ይላቸዋል። እየጠበቀ እራቱ ይቀዘቅዛል።

ያለፈው እሁድ አላስቻለኝም። እኔ ፉትቦል ሲባል እንዴት እንደሚያንገሸግሸኝ ታውቃለህ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና "እስቲ ንገረኝ አባባ፣ ከሯጮቹ ሁሉ የሚበልጠው ማነው?" አልኩት። ብራውን ይለኛል ብዬ ነው። እሱ እንኳ ተርፎ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

"ባሪ ነዋ!" አለኝ።

የሰማሁትን አላምን ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። "ባሪ ሳንደርስ! ብራውን ግንብ የሚያካክሉ ሰዎች ፊት ፊቱን እየጠረጉለት ነው የሮጠው። ባሪ ማን ነበረው? ማንም! ኳሷን ገና ሳይጨብጣት ሦስት ሰው ላዩ ላይ ነው፤ እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ታጥፎ፣ ተጠማዞ፣ እንዴት እንደወጣ ሳታየው ይወጣል። ነጥብ አስቆጥሮ እንኳ አይጨፍርም፣ ኳሷን ለዳኛው ሰጥቶ ይመለሳል።" ቃል በቃል ያንተ ነው። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ጣትህን እንደምታወዛውዘው፣ መሃል ላይ ሳቅ እንደሚያመልጥህ፣ ሁሉም ያንተ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አይደለም እንዴ፣ አባባ?" አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ፣ ከእኔ በቀር ሰው የለም። መልስ እየጠበቀኝ ነው። ምን ላድርግ? "ስማ አንተ ልጅ" አልኩት። "ብራውን ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ፣ በስምንቱ አንደኛ ወጣ" አልኩት። በፈቃዴ አንድ ጨዋታ አይቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ሁሉም አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ሳላስቀር አልኩለት። ደስታውን ልነግርህ አልችልም። በሳቅ ፍርስ አለ፣ ሁለት እጁን አነሳ። ሳቁ ሲያልቅለት ስልክ የያዘ ይመስል እጁን ጆሮው ላይ አደረገና "በል ደህና ሁን አባባ፣ የሚመጣው እሁድ እደውልልሃለሁ" አለኝ።

ወንድሜ፣ እሁድ ደውል። ስለ ክሊተስ አታንሳበት፣ ይቅርታም አትጠይቀው፣ አይገባውም። ባሪን ለሱ ተውለትና አንተ ብራውንን ያዝ። እኔ አንድ ጊዜ አባቱ ሆኜለታለሁ፤ ሁለተኛ የምችለው አይመስለኝም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ልጆችህን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ለአንተም ሰላም ያለው እንቅልፍ ይስጥህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ እህትህ