የተራራዋ ትረሽ የጥያቄ ምልክት

ለተከበርከው ወዳጄ ለኤልዉድ፣

ጉልበትህ ታምሞ አንተ ልትወጣው ካልቻልከው ከቬርሞንቱ ተራራችን ጫፍ ሆኜ እጽፍልሃለሁ። ከወፍ ቆጣሪዎቹ ጋር የወጣነው ትረሽ የምንላት ቡናማ ወፍ መኖሪያዋን ትታ እንዳልሄደች ለማረጋገጥ ነው። ንጋት ላይ ከጥዱ ጭጋግ ውስጥ አንዲት ወፍ ዘመረች፤ ደጃችን ላይ እንደሚለፈልፈው ሮቢን የተባለ ወፍ ሳይሆን፣ ጥቂት ተናግራ ዝም አለች።

ቆጠራውን የምትመራው ሄስተር እርሳሷን አንሥታ፣ «መምህር፣ አራት ነጥብ ነው ወይስ የጥያቄ ምልክት?» አለችኝ። የእኛዋ ትረሽ ዜማዋን ወደ ላይ አንሥታ፣ የሰሜኗ ዘመዷ ግን ወደ ታች ጥላ እንደምትጨርስ እኔና አንተ ሄስተርን ያስተማርናት በዚህ ዘዴ ነበር። እኔ ግን መጨረሻውን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መያዝ ትቷል።

«አንቺው ጻፊ፤ እኔ ከእንግዲህ ቆጣሪ አይደለሁም» አልኳት።

«ጉድ ነው! መምህር አላወቅሁም ሲሉ ገና ዛሬ ሰማሁ» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ክንዴን ይዛ፣ «ጠይቃለች፤ የእኛዋ ናት፣ አልሄደችም» አለችኝ።

ኤልዉድ፣ አብረን እዚህ በወጣንባቸው በእነዚያ ንጋቶች እንደ ወፏ ስታፏጭ ፉጨትህ ወፈረ እያልኩ እነቅፍህ የነበረው ትዝ አለኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ጠበበ፤ ለባለቤትህ ለዊኒፍሬድ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ስመለስም ዜማዋን እስከ መጨረሻው አፏጭልኝ፤ የአንተን እሰማዋለሁ።

ወዳጅህ ሊማን