ባንዲራው ቀድሞ ሲነሳ

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዛሬም የመጋዘናችን ኮምፒውተር ማተሚያ አሳፈረኝ። ሾፌሩ አያ ሞላ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው የመድኃኒት ጭነት ወረቀት መሃል ወደ ኮሶዬ ከሚሄደው ጭነት ሁለት መስመር ገብቶ ወጣ። የየጭነቱን ወረቀት የሚያወጡት ሁለቱ ፕሮግራሞች ማተሚያው ላይ እንዳይጋፉ ትናንት ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሴማፎር የሚሉትን ተራ ማስያዣ አስገብቻለሁ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል። ታዲያ የቱ ጋ ተቀላቀለ?

«ምነው ጃል፣ ይህ እኮ የሰው መድኃኒት ነው» አለኝ አያ ሞላ። ነገሩን ሳስረዳው ሳቀ።

«ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ተንዶ በአንድ መኪና ልክ ሲቀር፣ መኪና በተራ የሚያሳልፈው ባንዲራ ያዥም እንዲህ አደረገን። ከወዲህ የሄደው መኪና ከመታጠፊያው ጀርባ ሲሰወርበት፣ አለፈ ብሎ ባንዲራውን አንስቶ ከወዲያ ያለነውን ለቀቀን። ገደሉ አፋፍ ላይ ተፋጠጥን።»

እኔም ተራውን የምለቀው ፕሮግራሙ «ጻፍኩ» ሲለኝ ነው። ለካ «ጻፍኩ» ማለቱ ጽሑፉን ለኮምፒውተሩ አስረከብኩ ማለት እንጂ ወረቀቱ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። እሺ፣ መድረሱን ማን ይነግረኛል? የቋንቋውን መማሪያ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ አልገባኝም።

አያ ሞላ ግን አልጠበቀኝም። የጭነቱን ዝርዝር በእስክሪብቶ ራሱ ጻፈና አስፈርሞኝ ሄደ።