የቀየርናቸው ደንቦች

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን እንዳመመህ ጽፈህልኝ ነበር። ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ "ደህና ነኝ" እያልክ ደረጃውን እያነከስክ ነው የምትወጣው? እኔ ደህና ነኝ። ፋርማሲው እንደ ድሮው ነው፤ ባለቤቱም እንደ ድሮው ይነጫነጫል። እናትህ በጣም ናፍቀሃቸዋል፤ የእሳቸው ሰላምታ ከእኔ ይቅደም።

ስለ እሳቸው ብዙ መጻፍ አልችልም። አንድ ነገር እንዳልነግርህ ቃል አስገብተውኛል። በእሳቸው ምክንያት ሥልጠናህን አቋርጠህ እንድትመጣ አይፈልጉም። እሺ ብያለሁ፤ ቃሌንም አላፈርስም። ስለዚህ የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ጨዋታችን ብቻ ነው። ትተህልን የሄድከውን ደንብ እየቀያየርነው ስለሆነ፣ ያወጣው ሰው ሳይሰማ ቢቀር ነውር ነው ብዬ ነው።

እናትህ እንዴት እንደጀመሩ የነገርኩህ አይመስለኝም። ሹፌሩ አውቶቡስ ውስጥ አግኝቷቸው "እሑድ እሑድ ልብስ ሰፊው ጋ ጨዋታ አለን፤ ብቅ ይበሉ እንጂ" ይላቸዋል። እሳቸው ጨዋታ ሲባል ወግ መስሏቸው ሻርፓቸውን ጣል አድርገው መጡ። መቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጠው የሰፈሩን ወሬ አወጉን። በመሀል የልብስ ሰፊው ተራ ደረሰና ፊቱን ቅጭም አድርጎ "ወንድሜን ትናንት ድልድዩ ላይ ገደሉብኝ" አለ። እናትህ ብድግ ብለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሰው አይጠራም ወይ፣ እኔስ ጎረቤት አይደለሁም ወይ፣ ብለው ተቆጡን። ሹፌሩ ሳቁ ቢያስቸግረው የወደቀ ነገር የሚያነሣ መስሎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

ከዚያ እንደምንም አስረዳኋቸው። አጫዋቿ እኔ እንደሆንኩ፣ አገሩንም አደጋውንም የምፈጥረው እኔ እንደሆንኩ፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ሰው ሆነው እንደሚናገሩ፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን የምንጥለው ባለ ቁጥር ዳይስ እንደሚቆርጥ። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው ውሸት ነው በሉኛ" አሉ። አዎ አልናቸው። "ልጄ ያን ሁሉ ዓመት እሑድ የሚጠፋብኝ ለዚህ ነበር?" አሉና ሄደው ያንተ ወንበር ላይ ተደላደሉ። ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። የመረጡትም ሰው ማማ ላይ ሆና ሩቅ የምትቃኝ ጠባቂ ናት።

መጀመሪያ ልትፈርስ የነበረችው "ጠረጴዛው ላይ አንቱታ የለም" የምትለዋ ደንብህ ናት። እናትህን ማን ደፍሮ አንቺ ይበል? ሹፌሩ ሌባ ሆኖ ሳለ እጁን አጣጥፎ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቦርሳዎን ልሰርቅዎት ነው" አላቸው። እንዲህ እየተለማመጠ የሚሰርቅ ሌባ በዕድሜያቸው እንዳልገጠማቸው ነግረውት፣ "አንቺ በለኝና ስረቀኝ" አሉት። ደንብህን ያተረፏት እሳቸው ናቸው።

ዳይሱ ግን ሌላ ነው። ባለ ሃያ ገጹ ላይ ስድስትና ዘጠኝ የሚለዩት ከሥራቸው ባለችው ቀጭን ሰረዝ መሆኑን ታውቃለህ። አንድ እሑድ እናትህ ዳይሱን ጣሉ፤ ቁጥሩን ግን አልጠሩም። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። ልብስ ሰፊው እኔን አየኝ፤ እኔ ጣቶቼን አየሁ። በዚህ መሀል ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና እስካሁን ስድስት ሲወጣለት ዘጠኝ እያለ ሲያታልለን እንደኖረ ተናዘዘ። እንደሱ ያለው ሰው ስለማይታመን፣ ከእንግዲህ የጣለ ሰው አያንብብ፣ ከጎኑ ያለው ያንብብለት አለ። ሹፌሩን ታውቀዋለህ፤ ተሳፋሪ ረስቶ የወረደውን መልስ እንኳ በማግሥቱ ፈልጎ የሚሰጥ ሰው ነው። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ሌባው" ሆኖ ቀረ፤ እሱም ተቀብሎታል። ከሁላችን ይልቅ የሚያበሽቁት እናትህ ናቸው። ዳይሱን ጥለው ወደሱ ዞር ይሉና "ሌባው፣ ስንት ወጣልኝ? ደግሞ እውነቱን" ይሉታል።

ቀጥሎ ካርታው ተቀየረ። በቀጭን እርሳስ የሣልካቸውን ወረቀቶች ልብስ ሰፊው ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጣቸው። "ካርታ ያላነበበ መንገድ ይጥፋው" የሚለውም ደንብህ አብሮ ተጠቀለለ። አሁን ካርታችን የካፖርት ጨርቅ ነው። ወንዙ የሳቲን ጥብጣብ፣ መንገዱ ሻካራ ሲባጎ፣ ቤቶቹ የኮት ቁልፎች ናቸው። ጫካው ከአሮጌ ኮት አንገት ላይ የተፈታ ጸጉራም ቁራጭ ነው። ልብስ ሰፊው ሁሉንም በእጁ ሰፍቶ ሲያመጣ ያለው ነገር ቢኖር "ወረቀት ይቀደዳል" ብቻ ነው። ማንም ሌላ አልጠየቀውም። እናትህ ጥብጣቡን በጣታቸው ተከትለው ድልድዩን ከሁላችን ቀድመው ያገኙታል። ሹፌሩ እኮ ዕድሜውን መንገድ ላይ ፈጅቶ እዚያች ጨርቅ ላይ ይጠፋል።

እኔም አነጋገሬን ለወጥኩ። ድሮ ቀይ በር፣ ነጭ ፈረስ፣ ጥቁር ደመና ነበር የምለው። አሁን በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ደመናው ከመድረሱ በፊት የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። አንዴ የፈረስ ኮቴ በጥፍሬ ጠረጴዛው ላይ ሳንኳኳ፣ እናትህ "ይኼ ፈረስ ያነክሳል፤ ጌታውም ደክሞታል፣ አሁን ብንከተለው እንደርስበታለን" አሉ። እኔ ያነክሳል ብዬ አላሰብኩም፤ ጥፍሬ አንዱ ስለተሰበረ ነው። ግን እሳቸው ካሉ ያነክሳል፤ ተከተሉት፣ ደረሱበትም። ዕድሜ ልካቸውን ስልክ ማዞሪያ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በኋላ በድምፅ ጉዳይ አልከራከራቸውም።

ያስቸገረኝ ያለፈው ወር አንድ እሑድ ነው። ጠላት በጭጋግ ውስጥ እየመጣ ነው፤ ሁሉም የጠባቂዋን ቃል ይጠብቃል። እኔ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝና "ከማማው ላይ ምን ይታይሻል?" አልኳቸው።

እናትህ ዳይሱን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ማማው ላይ ሌላ ይውጣ። እኔ ከታች በሩ ጋ እሆናለሁ፤ የሚመጣውን በኮቴው እለየዋለሁ።"

ልብስ ሰፊው እጁ ላይ ያለውን መቀስ መፈለግ ጀመረ። ሹፌሩ ቀልድ ሲያጣ ያን ቀን አየሁት። ደንብህ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ ሥራውን የለወጠ ያካበተውን ነጥብ ሁሉ ጥሎ እንደ ጀማሪ ይነሣል። ከጨዋታው መጽሐፍ ስትተረጉመው ትክክል መስሎህ ነበር፤ ለኛም መስሎን ነበር። እስክሪብቶ አነሣሁና መስመሩን ሰረዝኩት። "ያካበትሽውን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትወርጂው" አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ የማማውን ደረጃ በእጃቸው እየደገፉ እንደሚወርዱ ነገሩን። ጠላትን በሩ ላይ ቀድማ የሰማችውም የእሳቸው ጠባቂ ናት። ከተማዋ ዳነች።

ወደ ቤት ስሸኛቸው ክንዴን ያዝ አድርገው ነበር፤ አሁን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንሄደው። "አንቺ ደንብ ቀየርሽልኝ፤ እኔም አንድ ልጨምር። ልጄ አይስማ" አሉኝ። ቃል የገባሁት ያን ጊዜ ነው።

በቀደም የላክኸው ፎቶግራፍ ደርሷል። እናትህ ከቦርሳቸው አውጥተው ለሹፌሩ ሰጡትና "ሌባው፣ አንብብልኝ" አሉት። ጢም ማሳደግህን፣ ኮትህ ግራጫ መሆኑን፣ ከኋላህ ረጅም ሕንፃ መኖሩን አነበበላቸው። ከስቷል ወይ ብለው ሲጠይቁት "ኧረ ወፍሯል" አለ። ከድምፁ ነቁበት፤ እስክንለያይ ድረስ አኩርፈውት ዋሉ።

ሥልጠናህ ሊያልቅ ዓመት ተኩል እንደቀረው ጽፈሃል። አቋርጠህ ና አላልኩህም። ዓመት ተኩል ለኛ ጨዋታ ረጅም ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ስንት ደንብ እንደምንቀይር አላውቅም። አሠልጣኞችህ በመሀል ፈቃድ ይሰጡ እንደሆነ ግን ጠይቃቸው፤ ጠይቆ መከልከል ያለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስለ ወንበርህ ነው። ወደ መስኮቱ አዙረነዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በደንብ ሲገባ፣ እኛም ጠጋ ስንልላቸው፣ እናትህ ፊታችንን አንድ በአንድ ያጠኑታል። ያን ጊዜ ጨዋታውን አቆመዋለሁ፤ ማንም አያጉረመርምም። ባለፈው የሹፌሩን ሽበት አግኝተው ሲስቁበት አመሹ። ያቺ ሰዓት ግን ከወር ወር እያጠረች ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው።

ልብስ ሰፊውና ሹፌሩ ሰላም ብለውሃል። ጉልበትህን በሙቅ ውኃ አሸው። ሥራህ ይቃናልህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ፤ ክፉ አይንካህ። መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ያድርስህ፤ በጊዜ ያድርስህ።

አብሮ አደግህ