የመርፌው ቀጫጭን መስመሮች

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምንወድሽና ለምንመካብሽ ልጃችን፤

ሰላምታችን ካለሽበት ድረስ ይድረስሽ። እኛ አለን፤ መኖርን እንደ ሥራ ከቆጠርሽው ሥራ አልፈታንም። ሙቀቱ ዘንድሮ በርትቷል መሰለኝ፥ ውኃ መጠጣት አብዝቻለሁ። ከዚህ በቀር የሚነገር የለም ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ነገር ግን ጠይቀሽኛልና ልመልስልሽ ይገባኛል።

ደብዳቤሽ ደርሶናል። በማሽን የተጻፈ ስለ ነበር፥ ፖስተኛው ሲሰጠኝ የውኃ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ያነበበችው እናትሽ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ለምዳለች፤ እኔም አልከለክላትም። እኔ ግን እንደ ተማርሁት በእጄ እጽፍልሻለሁ። መስመሩ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ብታዪ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጥሯል። ስለዚህ ማስመሪያ አጋድሜ በጠርዙ እየተመራሁ ነው የምጽፈው።

የክልሉ ጤና ቢሮ ለስኳር በሽታ ቅድሚያ ሊሰጥ መወሰኑን፥ ዕቅዱንም የምታዘጋጂው አንቺ መሆንሽን ስሰማ፥ ደስታዬን ለማንም ባልናገርም ጎረቤቱ ሁሉ ያወቀው ይመስለኛል። «አባባ፥ ከበሽታው ጋር የሚኖር ቤት ምን እንደሚጎድለው ከእርስዎ የተሻለ የሚነግረኝ የለም» ብለሻል። እንደ እኔ ላለ ቀያሽ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቀረበለት ከመነሻ እስከ መድረሻ ለክቶ መመለስ አለበት። ሆኖም ደክሞኛል፤ ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ታገሺኝ።

የእናትሽን ነገር ታውቂዋለሽ። ኢንሱሊኑን እንዳዘዝሽን በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ እናኖረዋለን፤ አሸዋውን ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። መርፌ ሲነሣ እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ መድኃኒቱን በየጠዋቱ በመስኮቱ አጠገብ የምቀዳውም የምወጋትም እኔ ነኝ። በቅየሳ መነጽር ውስጥ ፀጉር የመሰለ መስመር እያነበብሁ መንገድና ድልድይ ስቀይስ የኖርሁ ሰው ነኝና፥ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግሁም። የእርሷ ሕይወት በዚያች ቀጭን መስመር ላይ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚጎድለውን ከዚህ በፊትም ነግሬሻለሁ። የስኳር መለኪያዋ አለች፤ ደሙ የሚነካበት ወረቀት ግን ከወር ወር አይገኝም። አንድ ቀን ሲስተር፥ ያቺ የምታውቂያት ነርስ፥ «ጋሼ፥ ምን ላድርግ፤ የሚያመጣው መኪና ቆሟል፥ ጎማ የለውም» ብትለኝ፥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤታችን ሾፌሩ «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» አለ። እንደምታውቂው ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጧል። ጫማው ውስጥ የበቀለች ምስማር ቀኑን ሙሉ ስትወጋው ውላ አልተሰማችውም፤ በስኳሩ ምክንያት እግሩ ደንዝዞ ነበርና። ከዚያ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ሲመላለስ ኖሯል፤ «ጫማህን አውልቅ፥ እግርህን ልይ» ያለው ግን የለም። እርሱ ይስቅበታል። «በግራ የሚረገጠው ፍሪሲዮን ሄደ፥ ነዳጅና ፍሬን ቀርቶልኛል» ይላል። እኔ አልሥቅም። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነበር።

አሁን ወዳለፈው ሳምንት ልምጣ። በሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔ በሥርዓቱ ብነግርሽ ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒቱን እንደ ወትሮዬ ቀድቼ ወጋኋት። ቁርሷን ሳታጋምስ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ በሟች ወንድሟ ስም ጠራችኝ። ልጄ፥ ጎርፍ ያቆምሁትን ድልድይ ሲወስድ ዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አልጮኽሁም። ሾፌሩ ጩኸቴን ሰምቶ በክራንቹ እየዘለለ ገባ።

«ስኳር ወርዶባት ነው! ስኳር በጥብጥ! ምን እንደ ምሰሶ ትገተራለህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

አለቆቼ እንኳ ጮኸውብኝ አያውቁም። በጠበጥሁ። እርሱ ቀና አድርጎ ያዛት፤ እኔ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኗን አተኩራ አየችንና «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የከበባችሁኝ? ሞቻለሁ እንዴ?» አለች።

«መንጃ ፈቃድሽ ገና አልተነጠቀም» አላት ሾፌሩ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ያልሁት።

ሲስተርን አስጠርተናት መጣች። እናትሽን መርምራ ስታበቃ አዲስ ሲሪንጅ አውጥታ ንጹሕ ውኃ ቀዳችበትና «ጋሼ፥ ይህ ስንት ይላል?» ብላ ሰጠችኝ። ነገርኋት። ወደ ብርሃኑ ይዛ ራሷ አነበበችው። ጥቂት አፍስሳ እንደ ገና ሰጠችኝ። እንደ ገና ነገርኋት። ሲሪንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«መስመሩን በጣም አቅጥነው ነው ያተሙት» አልኋት።

«አዎ፥ ቀጭን ነው» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት።

ስለዚህ በዕቅድሽ ውስጥ ይህን አስገቢ፤ ለሽማግሌ ቤት የሚላክ ሲሪንጅ መስመሩ ወፈር ያለ ይሁን። የዘመኑ ፋብሪካ ማስመር ረስቷል።

ሲስተር በዚህ አልበቃትም። በዚያ ሳምንት ወረቀቱ መጥቶ ስለ ነበር «እስቲ እርስዎንም ልይዎት» አለችና እጄን በሳሙና አሳጠበችኝ። ፈራ እንዳልባል ጣቴን ሰጠሁ። መለኪያዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ጋሼ፥ ዛሬ ምን በልተዋል?»

«በዚህ ሁሉ ሽብር መካከል ማን ይበላል?»

ዳግመኛ መለኪያዋን አየች። እኔም ወዲያው ምክንያቱን ነገርኋት፤ ለእናትሽ ስበጠብጥ ጣቴ ላይ ስኳር ሳይቀር አይቀርም።

«በሳሙና ታጥበዋል እኮ።»

«ሳሙናውን አላምነውም» አልኋት።

ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አልሁት።

ሆስፒታል ሄጄ ዓይኔንም ደሜንም እንድመረመር ነገረችኝ። ሁለት አውቶቡስ ተቀያይሮ፥ ባዶ ሆድ ተሰልፎ፥ «ሐኪሙ ዛሬ አልገባም» ተብሎ መመለስ እንዴት እንደሆነ ከእናትሽ ጋር ስመላለስ አይቼዋለሁና፥ ወረፋው ሲቀንስ እሄዳለሁ አልኋት። ወረፋው ግን የሚቀንስ ዓይነት አይደለም። ሰዉ ወደ ሕክምናው የሚሄደው ቆይቶ ነው፤ ቆይቶ የመጣ ሰው ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። እርሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

በማግሥቱ ጠዋት ጠርሙሱን ከሸክላው አውጥቼ ወደ መስኮቱ ቀረብሁ። መቼም በቅየሳ ሥራ አንድ ሕግ እንዳለን ታስታውሻለሽ፤ አንዱ ያነበበውን ሌላው አይቶ ሳይደግመው አይመዘገብም። ልጅ ሳለሽ ቁመትሽን በበሩ መቃን ላይ ስንለካ እንኳ እናትሽን አስደግማት ነበር፤ ትሥቅብኝ ነበር። ያን ዕለት ከኋላዬ መጥታ ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደችው። ይህን ያህል ዘመን መርፌ ሲነሣ ግድግዳ ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ላንብብ፤ አንተ ድገም» አለችኝ።

 ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ይዛ ቁጥሩን ጠራች፤ እኔም አየሁና ደገምሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። እርሷ ትጠራለች፥ እኔ እደግማለሁ። ሕግ ስለ ሆነ ተቀበልሁት እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ልጄ፥ በሕይወቴ ሙሉ በዘመድ ተጠቅሜ፥ አማላጅ ልኬ አላውቅም። አንቺንም ያስተማርሁሽ ይህንኑ ነው። አሁን የምለውም ለቤቴ ብዬ አይደለም። ወረቀቱ አይጥፋ። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ጫማው ይውለቅ። ዓይን የሚያይ ሰው በወር አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ ይላክ፤ ሽማግሌ ወደ ሐኪም ከሚሄድ ሐኪም ወደ ሽማግሌ ቢመጣ ይቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፥ በሽተኛ ይዞ የሚመጣውንም ሰው መርምሩት። እርሱ በገዛ አፉ አይጠይቃችሁምና። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁም አትመኑት፤ እንዲህ ያለው ሰው ደኅና ነኝ ማለትን ሥራው አድርጎታል።

አንቺም በሥራ ብዛት ምሳሽን አትዝለዪ። ይህ በሽታ በዘር እንደሚሄድ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፤ በእናትሽ በኩል ማለቴ ነው።

ሥራ ትተሽ እንድትመጪ አልጠይቅሽም። የጀመርሽውን ጨርሺ።

እግዚአብሔር ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ የሄድሽበትን መንገድ ያቅናልሽ፤ ከእኛ የተረፈውን ዕድሜ ለአንቺ ይመርቅልሽ።

አባትሽ፥
ቀያሹ

ልጄ፥ እኔ ነኝ። አባትሽ ጽፎ ሲጨርስ አንብቢልኝ አለኝ፤ አነበብሁለት። የጠረጴዛው እግር ምንም አልሆነም። ነይ።